ለሁለት ሰው የሮም ጉዞ ስንት ዩሮ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የአዳማ ነዋሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ነን። የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ሮም ላይ ለማክበር ስንቆጥብ ቆይተናል። ከዚህ በፊት ከአገር ወጥተን አናውቅም። ያሰብነው ስድስት ሌሊት ለማደር ነው፤ ጊዜው የካቲት መጨረሻ ስለሆነ ጾም ይይዘናል። አንድ ዘመዳችን ‘ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ ለሁለት ሰው አንድ ሺህ ዩሮ ይበቃል’ አለን። አንድ የጉዞ ወኪል ደግሞ የዚያን ሦስት እጥፍ ጠየቀን። የትኛውን እንመን? ገንዘቡን እንዴት እንከፋፍለው? ሳናስበው የሚመጣብን ወጪስ ምን አለ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዘመድዎም ወኪሉም አልዋሹም ይሆናል። አንድ ሺህ ዩሮ ሮም ላይ ዘመድ ቤት ለሚያርፉ ባልና ሚስት ይበቃል፤ ሆቴል ለሚያድሩ ግን አይበቃም። የወኪሉም ዋጋ ቢሆን ውስጡ ምን ምን እንዳለ በዝርዝር እስካልተሰጠዎት ድረስ ውድ ነው ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። እኛ ስናሰላው ከአውሮፕላን ትኬት ውጭ ለሁለታችሁ ወደ 2,050 ዩሮ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ 350 ያህሉ እግራችሁ ከቦሌ ሳይነሳ የሚያልቅ ነው።

ብዙ ሰው የጉዞ በጀት ሲያወጣ አልጋ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት እያለ ይከፋፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ለሚወጣ ሰው ግን ገንዘቡን በሚወጣበት ጊዜ መለየት ይሻላል። አንደኛው ኪስ ቪዛው ሳይመታ የሚወጣው ነው፤ ቪዛ ከተከለከላችሁ ይህ ገንዘብ አይመለስም። ሁለተኛው ቪዛው ከተመታ በኋላ እዚሁ በብር የምትከፍሉት ነው፣ ማለትም የአውሮፕላን ትኬቱ። ሦስተኛው ሮም ላይ በዩሮ ከእጃችሁ የሚወጣው ነው። ሰው የሚከስረው ብዙውን ጊዜ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ወጪ በአንደኛው ጊዜ ስለሚከፍል ነው፤ ቪዛ ሳይኖረው የማይመለስ ትኬት ይቆርጣል፣ የማይሰረዝ ሆቴል ይከፍላል።

ሒሳቡን ደግሞ በዩሮ ይያዙት። የምንዛሪው ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር የጻፉት በጀት ከወራት በኋላ ላይሠራ ይችላል። በዩሮ ጽፈው በየወሩ መጨረሻ በባንክዎ የመሸጫ ዋጋ ያባዙት። የመግዣውን ዋጋ እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ፤ እናንተ ገዢ ስትሆኑ ባንኩ ሻጭ ነው።

ወደ አንደኛው ኪስ እንግባ። ጣሊያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ስለሆነ ለሁለታችሁ 180 ይሆናል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ በአውሮፓ የቪዛ ሕግ የዚህ ክፍያ ጣሪያ በመደበኛው አሠራር የቪዛው ግማሽ ነው። ስለዚህ ለሁለታችሁ ጣሪያውን 90 ዩሮ ያዙ፤ ካነሰ ትርፍ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሸንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራና ከምትገቡበት እስከምትወጡበት ያለውን ቀን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። በአንድ ቀን እንኳ ቢያንስ ማመልከቻው ጎዶሎ ይሆናል። ስትገዙ ‘ቪዛ ብንከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?’ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ፣ የማይመልሱም አሉ። ለኢንሹራንሱ፣ ለፎቶ፣ ለሰነድ ትርጉምና ከአዳማ አዲስ አበባ ለመመላለስ 80 ዩሮ ብትይዙ ድምሩ 350 ይመጣል።

በዚህ ደረጃ ሌላ ምንም ገንዘብ እንዳይወጣ ይሁን። ለአውሮፕላኑ የሚያስፈልጋችሁ ያልተከፈለበት ቡኪንግ ነው። ሆቴሉን ደግሞ በነፃ የሚሰረዝና እዚያው ሲደርሱ የሚከፈል አድርጋችሁ ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር የመሰረዣው ቀን ነው። የቪዛ ውሳኔ በመደበኛው በ15 ቀን ይሰጣል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ‘በነፃ የሚሰረዘው እስከዚህ ቀን ነው’ የሚለው ቀን ከዚያ በፊት ከዋለ ነፃ መሆኑ አይጠቅማችሁም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ለየካቲት መጨረሻ ጉዞ ኅዳር ውስጥ ብታስገቡ ሁሉም ነገር በቂ ጊዜ ይኖረዋል። ፓስፖርታችሁ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆኑንም ዛሬውኑ እዩት፤ እድሳቱ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ሆቴል ለመያዝ የሚጠየቀው ካርድ ሌላው ችግር ነው። በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ የውጭ ድረ ገጽ አይቀበለውም። ያለ ካርድ የሚይዙ ሆቴሎችን ለይቶ ማግኘት ይቻላል፤ ወይም ለአነስተኛ ሆቴል በቀጥታ ኢሜይል ጽፋችሁ በስማችሁ የማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ። ማረጋገጫው ላይ የሁለታችሁም ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሆሄ በሆሄ ይጻፍ።

የባንክ ስቴትመንቱን ነገር ረጋ ብላችሁ አስቡበት። ጣሊያን ለሚገባ የውጭ ሰው በሕግ የተቀመጠ አነስተኛ የገንዘብ መጠን አላት፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ከ6 እስከ 10 ቀን ለሚቆዩ በሰው በቀን 26.33 ዩሮ ነው። ለሁለታችሁ በሰባት ቀን 368.62 ይመጣል። በዚህ ገንዘብ ግን ሮም ላይ አይኖርም፤ ቪዛ መርማሪውም የሚያየው ያንን ብቻ አይደለም። ያቀረባችሁት የጉዞ ዕቅድ ከደመወዛችሁና ከቁጠባችሁ ጋር መጣጣሙን ይመዝናል። ከማመልከቻው በፊት ባለው ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ የገባ ትልቅ ገንዘብ ከመጥቀም ይልቅ ጥርጣሬ ይጭራል፤ ባዶ የነበረ ሒሳብ በአንድ ቀን ሲያብጥ ስቴትመንቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእናንተ ገንዘብ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ስለሆነ በተለያየ ሒሳብ ተበታትኖ ካለ ከስድስትና ሰባት ወር በፊት አንድ ቦታ ሰብስቡትና ደመወዝ ከሚገባበት ሒሳብ ጋር አብራችሁ አቅርቡ። የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ደብዳቤው ደመወዛችሁን፣ የዕረፍቱን ቀናትና ወደ ሥራ የምትመለሱበትን ቀን ቢጠቅስ ጥሩ ነው።

ቪዛው መጣ እንበል። አሁን ትኬቱን ቁረጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ሮም ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ይበራል። በካይሮ፣ በኢስታንቡል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚያዞሩት አንዳንዴ ይረክሳሉ፤ ሌሊቱን ትራንዚት የሚያሳድር ከሆነ ግን የሆቴልና የምግቡን፣ ከማረፊያው መውጣት ካማራችሁም የዚያን አገር ቪዛ ጨምራችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱ ለሁለት ሰው ከመቶ ዩሮ ካነሰ ለመጀመሪያ ጉዞ ቀጥታውን እንመርጣለን። የትኬቱን ዋጋ ከ2,050ው ውጭ ያደረግነው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው።

ቀጥሎ ባንክ ትሄዳላችሁ። ባንኮች ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡት ፓስፖርት፣ ቪዛና የተቆረጠ ትኬት አይተው ነው። በጥሬ ገንዘብና በዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ላይ ተጭኖ ይሰጣል። በሰው ስንት እንደሚሸጡና ምን ያህል ኮሚሽን እንደሚይዙ ከሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ፤ ኮሚሽኑ የተለያየ ነው። ሮም ላይ የሚያስፈልጋችሁ የሆቴሉን ጨምሮ 1,700 ዩሮ ነው። ከዚህ ውስጥ 500 ያህሉን በጥሬው፣ የቀረውን በካርድ ውሰዱ። ጥሬውን ባለ 20 እና ባለ 50 አድርጉልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ባለ 200 ኖት ይዞ ሁለት ቡና ለመክፈል የቆመን ሰው የሮም ቡና ቤት አሳላፊ በደግ ዓይን አያየውም። ካርድ በጣሊያን ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልቀበልም ያለ ነጋዴ ስለሚቀጣ ለትንሽ ግዢም ይሠራል። ካርዱ በሁለታችሁ ስም ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ቆይተን እንነግራችኋለን። የባንኩን የሽያጭ ደረሰኝ ቦሌ ላይ ስለምትጠየቁ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት። ከመንገድ የተገዛ ዩሮ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ይህ ደረሰኝ የለውም።

ካርድ ስትጠቀሙ ማሽኑ ‘በዩሮ ልክፈል ወይስ በካርድህ አገር ገንዘብ?’ ብሎ ይጠይቃል። ሁልጊዜ ዩሮን ምረጡ። ሌላውን ከመረጣችሁ ምንዛሪውን የሚሠራው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ዋጋውም እሱ እንደወደደ ነው። ገንዘብ ለማውጣት የባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ያለውን ኤቲኤም ተጠቀሙ። በቱሪስት መንገድ ሱቅ ጥግ የቆሙት ባለ ቢጫና ሰማያዊ ማሽኖች ክፍያቸው ይከብዳል።

አሁን ሮም ላይ ነን። ፊውሚቺኖ ስትደርሱ የድንበር ፍተሻው ላይ አሻራና ፎቶ ይወሰዳል፤ ይህ አዲስ የመግቢያና የመውጫ ምዝገባ ጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ሰልፉን ያረዝመዋል። የሆቴል ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬትና ኢንሹራንስ በወረቀት ታትመው በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። በደረሳችሁበት ቀን ሰዓት የተቆረጠለት መግቢያ አትግዙ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ከተማ ለመግባት አራት መንገድ አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል፤ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ኤፍ ኤል 1 የተባለው የከተማ ዳር ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ግን ተርሚኒ አይደርስም፣ የሚቆመው ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴና ቲቡርቲና ነው። ለተርሚኒ አውቶቡስም አለ፤ ከሁሉም ይረክሳል፣ መንገድ ከተዘጋጋ ግን ይዘገያል። ታክሲ በከተማው ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ወዳለ ቦታ የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ 55 ዩሮ፣ በሰው ሳይሆን በመኪና፣ ሻንጣን ጨምሮ። ነጭ ቀለም፣ ጣሪያው ላይ ምልክት፣ በሩ ላይ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ዓርማ ያለውን ብቻ ተሳፈሩ። መውጫው በር ላይ ‘ታክሲ፣ ታክሲ’ እያለ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ከእነሱ አይደለም። ሆቴላችሁ ተርሚኒ አካባቢ ከሆነ ባቡሩ ለሁለታችሁ ደርሶ መልስ 56 ዩሮ ነው፤ እኛ በጀቱ ላይ ያስገባነው እሱን ነው። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ማስመታት እንዳትረሱ። ተገዝቶ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ተቆጥሮ ያስቀጣል።

ለአልጋ 600 ዩሮ ይዘናል፤ በሌሊት 100 ማለት ነው። በዚያ ወቅት ተርሚኒና ኤስኩዊሊኖ አካባቢ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ኮከብ ንጹሕ ክፍል ይገኝበታል። ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ የገዳማት የእንግዳ ማረፊያዎችን፣ በጣሊያንኛ ካሳ ፔር ፌርዬ የሚባሉትን፣ ፈልጉ። ክፍሉ ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ማታ በር የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው። ከከተማ ዳር በ60 ዩሮ የሚገኘውን አንመክርም፤ የተረፈው ገንዘብ በትራንስፖርትና በየቀኑ በሚባክነው ሁለት ሰዓት ይወጣል። ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ሊፍት መኖሩ ነው፤ የሮም አሮጌ ሕንጻዎች ብዙ አነስተኛ ሆቴሎችን አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ይዘዋል። ሁለተኛው ቁርስ ነው፤ ጾም ላይ ስለሆናችሁ ቁርስ የሌለበትን የክፍል ዋጋ ምረጡ። እንቁላልና አይብ ለተደረደረበት፣ ለማትቀምሱት ጠረጴዛ ለምን ትከፍላላችሁ?

ከሆቴሉ ዋጋ በላይ የሚመጣ የከተማ ግብር አለ። ብዙ ጊዜ ስትይዙ ከተነገራችሁ ድምር ውጭ ነው፤ ሆቴሉ ራሱ በሰው በሌሊት ይቀበላል። ባለ ሁለት ኮከብ 5 ዩሮ፣ ባለ ሦስት 6፣ ባለ አራት 7.50 ነው። ባለ ሦስት ኮከብ ላይ ለሁለት ሰው ስድስት ሌሊት ስታባዙት 72 ዩሮ ይሆናል። ‘ተጭበረበርን’ ብሎ ከእንግዳ ተቀባይ ጋር የሚጨቃጨቅ መንገደኛ የሚበዛው በዚህ ነው፤ ግብሩ ግን ሕጋዊ ነው፣ ደረሰኝ ጠይቁ።

በከተማ ውስጥ የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፣ በዚያ ውስጥ ሜትሮ የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። የባንክ ካርድ በር ላይ በማስነካትም መግባት ይቻላል፤ አንድ ካርድ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ባል አስነክቶ ሚስትም በዚያው ካርድ ብትከተል ሁለተኛዋ ትኬት እንደሌላት ትቆጠራለች፤ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው። ሁለት ካርድ ያልነው ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢዘጋም ሌላው አለ። መሀል ከተማው በእግር የሚያልቅ ስለሆነ ለስድስት ቀን 40 ዩሮ ይበቃችኋል። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና በሜትሮ ኤ መስመር ላይ ኪስ አውላቂ ስላለ ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ያዙ፤ የቀረው ሆቴል ይቆለፍበት።

ለመግቢያ 140 ዩሮ መድበናል። ኮሎሲየም፣ የሮማውያን ፎረምና ፓላቲኖ በአንድ ትኬት 18 ዩሮ ናቸው፤ ትኬቱ ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት መሸጥ ይጀምራል። በኢንተርኔት ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ አትራፊ ሻጮች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት አስጎብኚ ጨምረናል እያሉ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጡታል። የኮሎሲየሙን ኦፊሴላዊ ገጽ ፈልጉ። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ በር ላይም ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል። የእኛ ስም አጻጻፍ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ የአባትና የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው ሳጥን እንደተቀመጠ አይታችሁ በዚያው ቅደም ተከተል ሙሉ። የቫቲካን ሙዚየም በር ላይ 20 ዩሮ፣ በኢንተርኔት አስቀድሞ ሲያዝ 25 ነው፤ አምስቱን ዩሮ ክፈሉና ሰልፉን አምልጡ። ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው። ሦስቱ ለሁለታችሁ 96 ይሆናሉ፤ የተረፈው 44 እዚያ ደርሳችሁ ለሚያምሯችሁ አንድ ሁለት ቦታ ይሁን። እነዚህን ዋጋዎች ከመሄዳችሁ በፊት እንደገና እዩዋቸው፤ የሮም መግቢያዎች ዋጋ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አይታይም።

ቀናችሁ ወር መለወጫ ላይ ስለሚውል ሌላም ዕድል አለ። በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ እሑድ ኮሎሲየምና ፓንቴዮን ነፃ ናቸው፤ የቫቲካን ሙዚየም ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሑድ እስከ በእኛ 6 ሰዓት ተኩል ለሚገባ ነፃ ነው። ነፃ በመሆኑ ሰልፉ ይብሳል፤ የኮሎሲየሙን ነፃ ቀን ለሚቸኩል ሰው አንመክርም። ከዚያ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ነፃ የሆኑትን ያዙ። ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ፣ ሳን ጆቫኒ ላቴራኖ፣ የሚኬላንጄሎ ሙሴ ያለበት ሳን ፒየትሮ ኢን ቪንኮሊ፣ የካራቫጆ ሥዕሎች የተሰቀሉበት ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ አንድም አያስከፍሉም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ በቦርሳ ከያዙ በር ላይ ሻርፕ ከሚሸጡት አይገዙም። ለእኛ የሚቀርቡ ነፃ ቦታዎችም አሉ። ከተርሚኒ ሲወጡ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ‘የአምስት መቶዎቹ’ ይባላል፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፣ ሐውልታቸውም ከዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ከቺርኮ ማሲሞ ጎን ያለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪነሳ ድረስ የቆመበት ነው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል።

ምግብ ላይ በቀን 60 ዩሮ፣ በሰባት ቀን 420 አስገብተናል። ጾሙ እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይነካችኋል። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ በዚያ ሰዓት የሮም ምግብ ቤቶች ማድ ቤታቸውን የሚዘጉበት ነው፤ ብዙዎቹ እንደገና የሚከፍቱት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ተርባችሁ በየበሩ ስትዞሩ ክፍት ሆኖ የምታገኙት የቱሪስት ወጥመዱን ብቻ ነው። መፍትሔው እየተቆረጠ የሚሸጠው ፒዛ ነው፤ ፒዛ አል ታሊዮ ይባላል፣ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ዋጋው በክብደት ነው። ሰሌዳው ላይ በኪሎ ወይም በኤቶ ይጻፋል፤ ኤቶ ማለት 100 ግራም ነው። ‘1.80’ የሚል አይቶ የአንድ ቁራሽ ዋጋ የመሰለው ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ 9 ዩሮ ይባላል። ሻጩ ቢላውን አስቀምጦ እስኪያያችሁ ይጠብቃል፤ በጣታችሁ ስፋቱን አሳዩት፣ ‘ያንስ’ ካላችሁ ቢላውን ያስጠጋል። ለአንድ ሰው 350 ግራም ያጠግባል፤ በኪሎ 18 ዩሮ ቢሆን 6.30 ነው።

ለጾም የሚሆነው ብዙ ነው። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ ከፒዛዎች ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ ፒዛ ሮሳ አለ። ቺኮሪያ ሪፓሳታ የተቀቀለ ጎመን መሰል ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ተጠብሶ የሚቀርብ ነው። ፓስታ በቲማቲም ስታዙ ‘ሴንዛ ፎርማጆ’ በሉ፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት ነው። ፓስታ በሽምብራ ሲቀርብ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ወይም የጨው ዓሣ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። ተርሚኒ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ስላሉ የጾም በያይነቱም አይጠፋም። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከአንድ ዩሮ ብዙም አይዘልም፣ ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ 2,500 ያህል ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ንጹሕ ውሃ ያፈሳሉ፣ ጠርሙስ ብቻ ያዙ። ምግብ ቤት ውስጥ ለዳቦ በሰው አንድ ሁለት ዩሮ መጨመሩ የተለመደ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ከቤት ስንቅ መያዝ ይረዳል፤ ምኑን እንደምትይዙ ግን ተጠንቀቁ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ውጭ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይወረሳል፤ ቅቤ ያለበት ጭኮም ከዚያው ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ችግር የለባቸውም። ማር በሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ‘ለእገሌ አድርሱልኝ’ ተብሎ ታሽጎ የሚሰጥ ዕቃ ደግሞ በዓይናችሁ ሳታዩ አትቀበሉ፤ ፊውሚቺኖ ላይ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ለሞባይል መስመር 20 ዩሮ በቂ ነው፤ አንዱ ስልክ ኢንተርኔት ያግኝና ሌላው ከእሱ ይውሰድ። እስካሁን ሆቴሉን ሳይጨምር 748 ደርሰናል። በዚህ ላይ 200 ዩሮ መጠባበቂያ ጨምሩ። መጠባበቂያ የታመመ ጥርስ፣ ያመለጠ ባቡር፣ ወይም ሻንጣ በመዘግየቱ ምክንያት የተገዛ ልብስ እንጂ ጫማ መግዣ አይደለም። ስጦታ የራሱ 150 አለው። ድምሩ ከሆቴሉ ጋር 1,698 ነው፤ ባንክ የምትጠይቁት 1,700 ከዚህ የመጣ ነው። ገንዘብ ካጠረ ቅነሳውን ከመጠባበቂያው አትጀምሩ። መጀመሪያ ከስጦታው፣ ቀጥሎ የማታውን ምግብ ቤት በሁለት ቀን አንዴ በማድረግ፣ ከዚያም አንድ ሌሊት በመቀነስ ይሁን። አንድ ሌሊት ሲቀነስ አልጋ፣ ግብርና ምግብ ተደምሮ ከ170 ዩሮ በላይ ይተርፋል።

ወኪሉን በተመለከተ እንዲህ ጠይቁት፦ ትኬቱ ውስጡ ነው ወይስ ውጭ? የቪዛ ክፍያውስ? ሆቴሉ ማን ይባላል፣ የት ነው? የከተማ ግብሩ ተካቷል? ቪዛ ብንከለከል የትኛው ገንዘብ ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ይስጣችሁ። ትኬቱ ውስጡ ከሆነ ዋጋው ያን ያህል የተጋነነ ላይሆን ይችላል። ‘ቪዛውን እኔ አስመታላችኋለሁ’ ካለ ግን ተነሱና ውጡ፤ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው፣ አሻራ የምትሰጡትም እናንተው ናችሁ።

ስለ ስጦታው አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ የተጨማሪ እሴት ታክሱን ከፊል ማስመለስ ይቻላል። ስትከፍሉ ፓስፖርት አሳዩና ‘ታክስ ፍሪ’ ቅጹን ጠይቁ፤ ሱቁ በኋላ አይሰጥም። ፊውሚቺኖ ላይ ዕቃውን ከሻንጣ ጋር ከማስረከባችሁ በፊት ቅጹን ጉምሩክ ያረጋግጥ፤ ሊያዩት ሊፈልጉ ስለሚችሉ ዕቃው በእጃችሁ ይሁን። ለዚህ ከተለመደው የመድረሻ ሰዓት በላይ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ገንዘቡን በጥሬው ከተቀበላችሁ ተጨማሪ ክፍያ ይቆርጣሉ፤ በካርድ ሲመለስ ይሻላል፣ ካርዱ ግን ከጉዞው በኋላ ገንዘብ መቀበል የሚችል መሆኑን ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።